ወደ ዩጎዝላቪያ በይርጋለም በኩል

እኔ ፈሪ ነኝ። ሰው ምላሴን ሰምቶ ደፋር ይለኛል፤ ምላሴና ልቤ ግን አንድ ቤት አላደጉም። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ። ጅብ ፈርቻለሁ፣ ምጥ ፈርቻለሁ፣ ወታደር ፈርቻለሁ። እንደ ይርጋለሙ ራጅ ግን የፈራሁት ነገር የለም።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ያኔ አውራጃችን ጌዴኦ ተብሎ አይጠራም፤ መንግሥት የሚጠራበት ሌላ ስም ነበረው፣ እኛ ግን ማን መሆናችንን እናውቃለን። ዲላ ሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻውን ክፍል ስማር ዳይሬክተሩ ጠዋት ሰልፍ ላይ አንድ ነገር ነገረን። መንግሥት በልውውጥ ተማሪ ወደ ዩጎዝላቪያ ሊልክ ነው፤ እነሱም የራሳቸውን ተማሪ ወደኛ ይልካሉ፤ እችላለሁ የሚል ያመልክት። ዩጎዝላቪያ የት እንዳለ ከመሀላችን የሚያውቅ አልነበረም። ክፍል ገብቶ በአርጩሜው ጫፍ ካርታው ላይ ሲያሳየን አርጩሜው አገሩን ሸፈነው። "ይኸውላችሁ" አለን። እኛም አየን አልን።

አመለከትኩ። እንግሊዝኛዬ ደህና ነበር፤ እናቴ ሚሲዮኖቹ ግቢ ልብስ ታጥብ በነበረበት ጊዜ ከልጆቻቸው ጋር እየተጣላሁ ነው የተማርኩት። ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አለፍኩ። ከኔ ቀጥሎ የወጣው የቡና ነጋዴ ልጅ ተጠባባቂ ተባለ፤ እኔ ከቀረሁ እሱ ይሄዳል ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባየኝ ቁጥር "ደህና ነሽ?" ይለኛል። "ምነው፣ ድንኳን ልትጥልልኝ ነው?" እለዋለሁ። እሱ ይስቃል። የቀረኝ የሐኪም ምርመራ ብቻ ነው። ይርጋለም ሆስፒታል ሄደሽ ደረትሽን ራጅ ትነሺያለሽ ተብያለሁ። ሳንባው ንጹሕ ያልሆነ ሰው ባሕር አይሻገርም።

የኛ ቤት ሳንባ ደግሞ መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ታላቅ ወንድሜ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ እየሳለ ነው የሞተው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አሉ። ቀጥለው ምች ነው አሉ። በመጨረሻ ስሙን መጥራት ተዉና "ያ በሽታ" ይሉት ጀመር። ለቅሶው ላይ ከጎረቤት ግማሹ ያለቀሰው ደጅ ቆሞ ነው። እኔ ከወንድሜ ጋር አንድ ቁርበት ላይ ነበር የምተኛው፤ ሲስል ጀርባው ጀርባዬን ይገፋኝ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እኔም ብርድ ሲመጣ መሳል አመጣሁ። ከሳሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ስስል እናቴ የምታየኝ አስተያየት ነው።

አባቴን አላውቀውም፤ ሳልወለድ ነው የሞተው። ስለዚህ ቤት የቀረነው እናቴና እኔ ነን። እናቴ በዚያን ጊዜ ከሚሲዮኖቹ ወጥታ አንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ቡና ትለቅም ነበር። ሴቶቹ መሬት ላይ ተደርድረው የተሰባበረውንና የጠቆረውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። መጋዘኑ በገለባና በአቧራ ይታፈናል፤ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ቢያስሩም ሁሉም ይስላሉ። እናቴም ትስላለች። "አቧራ ነው" ትላለች። የሁሉም አቧራ ነው፤ ማን የሷን ለይቶ ይጠይቃታል?

አንድ የማልወድላት ጠባይ ነበራት። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ የራሷን ጣሳ ለይታ ምሰሶው ላይ በአንድ ምስማር ሰቅላዋለች፤ ማንም አይነካውም። አንድ ቀን በጣም ጠምቶኝ እጄን ስሰድ በማማሰያ መታችኝ። ቆጮም አብረን አንበላም። ቆርሳ ትሰጠኝና የራሷን ይዛ ጥግ ትሄዳለች። እኔ ስስት ይመስለኝ ነበር። ለጓደኞቼ "የኔ እናት ውኃ እንኳ ትሰስታለች" እያልኩ አስቃቸው ነበር።

ልውውጡን የተረዳችው በጪጩ ገበያ ሕግ ነው፤ አንድ ሰጥተህ አንድ ትወስዳለህ። "አንቺን ሰጥቼ የነሱን ልጅ ልወስድ ነው?" አለችኝ። አይ፣ እሱ አዲስ አበባ ነው የሚቀመጠው ብላት አላመነችኝም። "ቆጮ ይበላል? ሰው አገር መጥቶ በኔ ቤት ቢርበው ኃጢአቱ የማን ነው?" እያለች ከረመች። ይህን ስትጨርስ ደግሞ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ መጡና ዩጎዝላቪያ እግዚአብሔር የለም የሚሉ ሰዎች አገር መሆኑን ነገሯት። በቃ፣ ከለከለችኝ አልኩ። እናቴ ማለት ሳትጸልይ በር የማትከፍት ሴት ናት። ሽማግሌውን ቀና ብላ አየቻቸውና "እዚያ ከሌለ ይዛው ትሄዳለች" አለቻቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ። እኔም ገረመኝ። እንዲህ ከቤት ልታስወጣኝ የቸኮለችው ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ምርመራው ሲቃረብ ሳሌ ተነሳ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ደረቅ ሳል ነው፣ ማታ ማታ የሚብስ። ትራሴን ነክሼ ላፍነው እሞክራለሁ፣ እናቴ ግን ትሰማኛለች። እውነቱን ልናገር፤ የሚያስፈራኝ ከዩጎዝላቪያ መቅረቴ አልነበረም። እሱንማ እፈልገዋለሁ፣ ሲቀር አለቅሳለሁ፣ ያልፋል። የሚያስፈራኝ ራጁ የወንድሜን በሽታ ደረቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቢያገኘውስ የሚለው ነው። እስካልታየ ድረስ የለም ማለት እችላለሁ። ከታየ በኋላ ምን እላለሁ?

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን እናቴ ከትምህርት ቤት ስመጣ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። "ነይ" አለችኝ። ጪጩ ወስዳ አንድ ሽማግሌ ቤት አስገባችኝ፤ በቀንድ ደም የሚስቡ፣ ዋግምት የሚያገሙ ሰው ናቸው። "ቤተክርስቲያን ቢሰሙስ?" ብላት "ደም ማውጣት ጣዖት አይደለም፤ ልብስሽን አውልቂ" አለችኝ። ሽማግሌው ጀርባዬን በምላጭ ጫር ጫር አድርገው ቀንዱን ደፉበት፤ በቀጭኑ ጫፍ አየሩን በአፋቸው ስበው በሰም ደፈኑት። ቀንዱ ሥጋዬን ነክሶ ያዘው። አንዱን ሲያነሱ ሌላ ይደፋሉ። የረጋ ጥቁር ደም ሲወጣ እናቴ "ይኸው ሳሉ" አለች። "እንግዲህ ራጁ ምን ያገኛል?" እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረግ ደረቴን መጥረጓ ነበር። እምቢ አላልኩም። እኔስ ብሆን መሞት እፈልጋለሁ እንዴ?

በማግስቱ በጠዋት ሎንቺና ተሳፈርን። አትምጪ ብያት ነበር። "ብቻሽን ፈረንጅ ፊት አትቆሚም" ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ጀርባዬ ቆስሏልና ወንበሩን መደገፍ አልቻልኩም፤ እንደተጎነበስኩ ነው የሄድኩት። እሷ መስኮቱን ከፍታ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረችና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። መንገዱ አቧራ ነው፣ እሷም ትስላለች። አፖስቶ ወርደን ወደ ይርጋለም በሚወስደው መንገድ ሌላ መኪና አገኘን። ሆስፒታሉ ስንደርስ በሩ ላይ ቆምኩ። እናቴ ከኋላዬ ገፋ አደረገችኝ። "ግቢ፤ አይበላሽም" አለችኝ።

ራጁ ያለበት ክፍል ጨለማ ነው። አንድ ድሬሰር ከወገብ በላይ እንዳወልቅ ነገረኝና ደረቴን ከቀዝቃዛ ብረት ጋር አጣበቀኝ። ብረቱ ልቤ ሲመታ የሚሰማ መሰለኝ። "ትንፋሽሽን ያዢ" አለኝ፣ ያዝኩ። አንድ ነገር ጓ አለ። "ልቀቂ" አለኝ። አልለቀቅኩም። "ልጄ፣ ልቀቂ እንጂ፣ አልቋል እኮ" እስኪለኝ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ብለቅ የምስል መስሎኝ ነው።

ፎቶው እስኪደርቅ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ከእናቴ ጎን ቁጭ አልኩ። እሷ በከንፈሯ ትጸልያለች። እኔ ወንድሜን አስባለሁ፤ በመጨረሻ ሰሞን ትከሻው እንዴት እንደተሰበሰበ፣ ልብሱ እንዴት እንደሰፋው። ዕድሜዬ እሱ ሲሞት ከነበረው ዕድሜ ጋር እኩል መሆኑ ትዝ ሲለኝ ላቤ መጣ።

ስሜ ተጠራና ብቻዬን ገባሁ። ሐኪሙ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ነው። ፎቶውን መብራት ላይ ሰክቶታል። የራሴን የጎን አጥንት ቆሜ አየሁ፤ ሰው በሕይወቱ ይህን ማየት ያለበት አይመስለኝም። ሐኪሙ ፎቶውን ያያል። በብዕሩ አንድ ቦታ ያሳያል፣ ይተወዋል፣ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሞቻለሁ አልኩ በሆዴ። ለእናቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ ማለት እንኳ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ዞር አለና በእንግሊዝኛ "ንጹሕ ነው" አለኝ።

ጠረጴዛውን ያዝኩ። ንጹሕ። ወንድሜ ደረቴ ውስጥ የለም። እንባዬ መጣ፣ ሳቄም መጣ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገና ጀርባዬን እንዳዞርለት ነገረኝ። ልብሴን ከፍ አደረግኩ። ማዳመጫው ግን ጀርባዬን አልነካም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ። የቀንዶቹን ክብ ክብ ቁስል ረስቼዋለሁ። ደስታ ሞኝ ያደርጋል፤ ዝም ብዬ "ሳል እንዲወጣልኝ ነው፣ ትናንት" አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። "ትስያለሽ?" ጥቂት አልኩት። "ቤት ውስጥ የሚስል ሰው አለ?"

አፌን ለመመለስ ከመክፈቴ በፊት ከኮሪደሩ ሳል መጣ። የእናቴ ሳል ነው። በየቀኑ የምሰማው ሳል ነው፤ ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አዳመጥኩት። ረጅም ነው፣ ከሥር ነው የሚመጣው፣ መጨረሻው ላይ ያንቃታል። ኮሪደሩ ጠዋት በውኃ ታጥቧል፤ ወለሉ ያብለጨልጫል። እዚያ ምንም አቧራ የለም። ጣሳው፣ ምስማሩ፣ ጥግ ሄዳ የምትበላው ቆጮ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ትዝ አለኝ። ስስት አልነበረም። ከዚያ በፊት የፈራሁት ፍርሃት ሁሉ ከዚህኛው አጠገብ የልጅ ጨዋታ ሆነ።

ሐኪሙ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። እናቴ ሲያያት ከአግዳሚው ተነሳች፤ ነጠላዋን ጨምድዳ ከኋላዋ ደበቀች። ጨምድዳ ስትደብቀው ቀይ ነገር አይቻለሁ። ሐኪሙ "ማን እንደሆነች ጠይቂልኝ" አለኝ። ድሬሰሩ የሰሜን ሰው ነው፣ የኛን ቋንቋ አይሰማም። ስለዚህ እሷ በቋንቋችን የምትለውን ለሐኪሙ የማደርሰው እኔ ብቻ ነኝ። በጌዴኦኛ ጠየቅኳት።

ፊቷን ሳታነቃንቅ፣ ፈጥና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰችልኝ። "ጎረቤት ናት በይው። ለገበያ ስትመጣ ተገናኝተን ነው በይው። እናቴ ሞታለች በይው።"

ሐኪሙ ይጠብቀኛል። አንዲት ቃል ናት። ጎረቤት ናት ካልኩት የምርመራ ወረቀቴ ላይ ይፈርምልኛል፤ እናቴም ይህን አውቃ ነው። እሷ መልሴን አልጠበቀችም። እውነተኛ ጎረቤት እንደሚያደርገው ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳችና ቋጠሮዋን አንስታ ወደ በሩ መሄድ ጀመረች። ከኋላዋ አየኋት። ትከሻዋ ተሰብስቧል። ልብሷ ሰፍቷታል። ወንድሜን ነው የምትመስለው።

"ማዘር" አልኩት ሐኪሙን። "ማይ ማዘር ናት።"

ደፍሬ አይደለም። ሁለት ፍርሃት ነበረብኝ፤ ትልቁ አሸነፈ። እናቴ ሚሲዮኖቹ ግቢ ልብስ ስታጥብ ልጆቹ እናታቸውን ሲጠሩ ሰምታ ያቺን ቃል ታውቃታለች። ቆመች። ዞር ብላ አየችኝ፤ ዛሬም ድረስ ያን አስተያየት የምፈራው ይመስለኛል። ከዚያ ድሬሰሩም እንዲሰማላት በአማርኛ "አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" አለች።

እሷም ራጅ ተነሳች። የሷን ፎቶ ለማንበብ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር፤ አንዱ ወገን ላይ የተበላ ነገር ይታያል። ሐኪሙ መድኃኒት አለው፣ ለረጅም ጊዜ መርፌና ክኒን ትወስዳለች፣ ጊዜው አላለፈም አለኝ፤ ተረጎምኩላት። "ስላንቺስ ምን አለ?" አለችኝ። ስለኔ ያለውንም ነገርኳት። ዛሬ ንጹሕ ነሽ፣ ግን ከታመመ ሰው ጋር ነው የኖርሽው፤ ከስድስት ወር በኋላ ዳግመኛ ፎቶ ሳላይ አልፈርምም ብሏል። የመሄጃዬ ቀን ከዚያ በፊት ነበር። እናቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፈነች። ድሬሰሩ ሊያጽናናት "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እናቴ" አላት። "እኔ በሽታዬን መቼ ደበቅኩ?" አለችው ከነጠላዋ ሥር። "ልጄን ነው የደበቅኩት።"

ይርጋለም ተኝታ መርፌዋን ስትወስድ አጠገቧ ሰነበትኩ። ብዙ ቀን አላናገረችኝም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሳልጠይቃት ጀመረች። "እኔ ከሱ ይያዘኝ፣ እሱ ከኔ ይያዘው፣ እግዚአብሔር ያውቃል" አለች፤ ወንድሜን ማለቷ ነው። "አንቺን ግን የት ልውሰድሽ? ዘመዶቻችን ሁሉ ያሉት በአንድ አጥር ነው። ዩጎዝላቪያ በጣም ሩቅ ነው ሲሉኝ ጊዜ ደስ አለኝ። ትንፋሼ የማይደርስበት አገር ከሆነ፣ እግዚአብሔር የለም ቢሉም ይበሉ።" ተነስቼ ትራሷን አስተካከልኩላት። እጄን ገፋችው።

ተጠባባቂው ልጅ ከመሄዱ በፊት ልሰናበትሽ ብሎ ቤት መጣ። አዲስ ኮት ለብሷል፣ ደጅ ቆሞ ጫማውን ያያል። "እኔ እኮ እንድትቀሪ አልፈለግኩም" አለኝ። "አውቃለሁ" አልኩት። "አርጩሜው ሥር ነው ያለው አገሩ፤ አይጠፋህም።" እሱ እንደሄደ እንሰቱ መሀል ገብቼ አለቀስኩ። ለዩጎዝላቪያ ያለቀስኩት ያኔ ነው። በምትኩ የመጣ የነሱ ልጅ ካለ እኛ ዘንድ አልደረሰም።

ሁለተኛውን ፎቶ ስነሳም ንጹሕ ሆንኩ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። "ይኸው!" አለች። "ያኔ ብትዋሺ ማን ይጎዳ ነበር?"

"አንቺ" አልኳት።

"እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ይህን ክርክር ዕድሜዋን ሙሉ አልተወችውም። እኔ መምህርት ሆኜ ዲላ ሳስተምር፣ አግብቼ ስወልድ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ይቺ እኮ ዩጎዝላቪያን በአንድ ቃል የጣለች ናት" እያለች ትነግራለች። አንድ ቀን አመሰግናለሁ ብላኝ አታውቅም። እኔም አልጠበቅኩም።

መድኃኒቷን ጨርሳ ሐኪሙ በቃሽ፣ ድነሻል ያላት ቀን ግን ነበር። እኔ ነኝ የተረጎምኩላት። "እርግጠኛ ነው ወይ? ደግመሽ ጠይቂው" አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኩት፣ ደግሞ አረጋገጠልኝ። በሎንቺናው መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ ዲላ ገባን። ቤት ገብተን ቆጮ አቀረብኩ። ቆርሳ ትሰጠኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልቆረሰችም። የራሷን ይዛ ጥግ አልሄደችም። እኔ ከኩባያዬ ውኃ ጠጥቼ ግማሹን መሬት ላይ አኖርኩት። እሷ እጇን ሰደደች። ወደ ምሰሶው መስሎኝ ነበር፣ ጣሳዋ እዚያው ምስማሩ ላይ ነውና። የኔን ኩባያ አነሳች፤ አፌን ባሳረፍኩበት በኩል አዙራ እስከ ታች ጠጣችው።

"ምን ታይኛለሽ?" አለችኝ ተቆጥታ። "አልቋል፤ ቅጂ።"

ቀዳሁ።